ለቡችላችን የጃፓን ስም ብናወጣለት?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። ከአንድ ወር በፊት ትንሽ ወንድ ቡችላ ወደ ቤታችን መጥቷል። መልኩ ነጭ ሲሆን ጀርባውና ግራ ጆሮው ላይ የተቆላ ቡና የሚመስል ነጠብጣብ አለው፤ ሲያድግም ከድመት ብዙም እንደማይበልጥ ተነግሮናል። አባቴ ቀደም ባሉት ዓመታት በበለጤ ጌራ ደን ከጃፓናውያን ባለሙያዎች ጋር ይሠራ ስለነበር፣ እሱን ደስ እንዲለው ለቡችላው የጃፓን ስም ልናወጣለት አስበናል። እስካሁን የሰበሰብኳቸው ሺሮ፣ ኩማ፣ ማሜ፣ ጎማ እና ሃቺ የሚሉት ናቸው። አያቴ ግን ስም እስኪወጣለት ብለው “ቡቺ” እያሉ ይጠሩታል፤ እኔ ደግሞ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቡቺ ስለሆነ አልወደድኩትም። ትርጉማቸውን ነግራችሁኝ የትኛው እንደሚሻል ብትመክሩኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የላኩልን ስሞች በሙሉ ትክክለኛ የጃፓንኛ ቃላት ናቸው፤ ሆኖም ስሙ በየቀኑ የሚጠራው ጅማ ውስጥ፣ በእርስዎ ግቢ በር ላይ በመሆኑ፣ ትርጉሙን ከማወቅ ባልተናነሰ የጎረቤት ጆሮ እንዴት እንደሚሰማው ማሰብ ያስፈልጋል።

ጃፓናውያን ለቤት እንስሳ ስም ሲያወጡ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ዓይናቸው ካየው ነገር ነው። ገበሬያችን በሬውን “ቡሬ”፣ ፈረሱን “ዳማ” ብሎ በመልኩ እንደሚጠራው ሁሉ፣ እነሱም ነጩን ሺሮ፣ ጥቁሩን ኩሮ፣ ድቡልቡሉን ማሩ ይሉታል። ለትናንሽ ውሾች ደግሞ የምግብ ስም ማውጣት እጅግ የተለመደ ነው። ማሜ ባቄላንና መሰል ጥራጥሬን፣ ጎማ ሰሊጥን፣ ሞሞ ኮክን፣ ኪናኮ ደግሞ ተቆልቶ የተፈጨ የአኩሪ አተር ዱቄትን ያመለክታል። እንዲህ ያለው ስም ትንሽነትንና መወደድን በአንድነት ስለሚይዝ ለእርስዎም ቡችላ በሚገባ ይስማማ ነበር።

ይሁን እንጂ ከዝርዝርዎ ውስጥ አብዛኞቹ ጅማ ላይ ሌላ ባለቤት አላቸው። ኩማ በጃፓንኛ ድብ ማለት ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ግን “ሺህ” ማለት ከመሆኑም በላይ የታወቀ የወንድ ስም ነው፤ ኩማ የሚባል ሰው በአጥራችሁ ሥር ሲያልፍ ውሻ በስሙ ሲጠራ ቢሰማ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ጎማም በአጋሮ ዙሪያ ያለው ወረዳ፣ ከዚያም በፊት ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት የአንዱ መጠሪያ ነው፤ የመኪናውን ጎማ ሳንጨምር ማለት ነው። ሺሮ የሚለውን በምሳ ሰዓት ከማድ ቤት ሲጠሩት ቡችላው ለብቻው የተጠራበትን ጊዜ ሊለይ አይችልም። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ማሜ ነው፤ ጃፓናውያን ከተለመደው የሺባ ዝርያ ያነሰውን ውሻ “ማሜሺባ” እስከማለት የደረሱበት፣ ለትንሽ ውሻ ከሁሉ የተሻለ ስም ነበር። ነገር ግን ማሜ በእኛ ዘንድ የሙሐመድ ማቆላመጫ ነው፤ ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶች ባሉበት ከተማ ይህን ስም ለውሻ ማውጣት ፈጽሞ አይገባም። ሴት ቡችላ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎችም በጃፓንኛ አበባ ማለት የሆነውን “ሃና”ን በተመሳሳይ ምክንያት እንድትተዉት እለምናለሁ።

አሁን ወደ አያትዎ ልመለስ። “ቡቺ” በአገራችን ለውሻ የተለመደ ስም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ይኸው ቃል በጃፓንኛም ያለ መሆኑን ነው። በጃፓንኛ ቡቺ ማለት በአንድ መደብ ላይ ሌላ ቀለም ጣል ጣል ያለበት፣ ዝንጉርጉር ማለት ሲሆን፣ እንዲህ ያለ መልክ ላላቸው ውሾችና ድመቶችም በስምነት ያገለግላል። የእኛው ቡቺ ከጃፓን መጣ ማለቴ አይደለም፤ ድምፁ ብቻ ተገጣጥሟል። ነገር ግን ነጭ ጀርባው ላይ የቡና ቀለም የፈሰሰበትን ቡችላ ጃፓናዊ ቢያየው፣ ያለ ብዙ ሐሳብ ሊያወጣለት የሚችለውን ስም አያትዎ አስቀድመው አውጥተውለታል። ቡችላውም አንድ ወር ሙሉ ሲጠራበት ሰንብቷል። በእኔ አስተያየት ስሙ ባይለወጥ ይመረጣል፤ አባትዎም ትርጉሙን ሲሰሙ እንደሚደሰቱ አምናለሁ።

የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቡቺ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ውሻ ከስሙ እኩል የጠሪውን ድምፅ ስለሚለይ፣ ስሙ የጋራ መሆኑ የሚያስቸግረው ከቡችላው ይልቅ ባለቤቱን ነው። ይህም ካላረካዎት ሁለት ስሞች ይቀራሉ።

አንደኛው ሃቺ ነው። ቃሉ በጃፓንኛ ስምንት ማለት ሲሆን፣ ስሙ በዓለም የታወቀው በአንድ የአኪታ ዝርያ ውሻ ምክንያት ነው። ይህ ውሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1923 የተወለደ ሲሆን፣ ባለቤቱ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፕሮፌሰር የነበሩት ኡኤኖ ሂደሳቡሮ ነበሩ። ፕሮፌሰሩ በግንቦት 1925 በድንገት ቢሞቱም፣ ሃቺ እሱ ራሱ እስከሞተበት እስከ መጋቢት 1935 ድረስ፣ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ወደ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ይጠብቃቸው ነበር። ሐውልቱ የቆመለት በሕይወት ሳለ፣ በ1934 ነው። ሃቺኮ የሚለው አጠራር መጨረሻ ላይ ያለው “ኮ” ለአክብሮትና ለፍቅር የተጨመረ በመሆኑ፣ ለዕለት ጥሪ ሃቺ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛውና ከሃቺ አስበልጬ የምመርጠው ሞካ ነው። ሞካ ድሮ የኢትዮጵያ ቡና ጭምር በመርከብ ይጫንበት የነበረው የየመን ወደብ ስም ነው፤ ጃፓናውያን እስከ ዛሬ የሐረርና የሲዳሞን ቡና “ሞካ” ብለው ይጠሩታል፤ ቡናማ መልክ ላላቸው ትናንሽ ውሾችም ይህንኑ ስም ማውጣት ይወዳሉ። እንደ ሺሮና ማሜ ጥንታዊ የጃፓንኛ ቃል አይደለም፤ ነገር ግን በጫካ ቡና መካከል ከጃፓናውያን ጋር ለሠሩ አባት፣ ከእኛ ቡና ጋር ተጉዞ በእነሱ አገር የውሻ ስም ከሆነ ቃል የበለጠ የሚቀርብ አይታየኝም።

ከመወሰንዎ በፊት ግን ምሽት ላይ አያትዎን በር ላይ ያቁሙና ስሙን ጮክ ብለው ሦስት ጊዜ እንዲጠሩት ያድርጉ። ቃሉ አፋቸው ላይ ካልቀለለ፣ እርስዎ የመረጡት ምንም ቢሆን እሳቸው ቡቺ ማለታቸውን ስለማይተዉ ቡችላው በሁለት ስም ይወዛገባል። አዲስ ስም ካወጡለትም፣ የቤቱ ሰው በሙሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ በእሱ ብቻ ይጥራው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ስሙን ምግብ ሲሰጡትና ሲያሻሹት እንጂ ሲቆጡት አይጥሩት።