ስለ ሳይቤሪያው ወንዝ ስለ የኒሴይ ገባሮች ጠይቁ፤ ጋሼ አንጋራ ይመልሳሉ

ጋሼ አንጋራ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የውሃ ምህንድስና የተማርኩት ኢርኩትስክ፣ የየኒሴይ ገባር በሆነው በአንጋራ ወንዝ ዳር ነው። ለእሱ ባደላ አትታዘቡኝ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ርዝመት ስትጠቅሱ ከየት እንደተለካ ጨምሩ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

አዋሽ ዳር፦ ጋሼ፣ ሳይቤሪያ ሌሎችም ትልልቅ ወንዞች አሏት። የኒሴይ በምን ይለያል?

ጋሼ አንጋራ፦ በውሃው። ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ ከሚፈሱት ሁሉ ብዙ ውሃ የሚያስገባው እሱ ነው፤ በዓመት 600 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ። ቀጣይ።

ቀበና፦ ረጅሙ ገባር የቱ ነው?

ጋሼ አንጋራ፦ ከየት ተለክቶ? በራሱ ስም ከሄድን ታችኛው ቱንጉስካ፣ 2,989 ኪሎ ሜትር። አንጋራ ከሚወጣበት ከባይካል ሐይቅ ጀምሮ 1,779 ነው። ከሞንጎሊያ መጥቶ ባይካል የሚገባውን ሰሌንጋን ከነምንጮቹ ከጨመርክ ግን አንጋራ ይበልጣል።

የጣና ልጅ፦ በውሃ መጠንስ?

ጋሼ አንጋራ፦ አሁን ገና ጥያቄ መጣ! አንጋራ ነዋ። ባይካል ከ300 በላይ ወንዞችና ጅረቶች ይገቡበታል፤ የሚወጣው ግን አንድ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ሲያወራ አንጋራ የባይካል አንድያ ሴት ልጅ ናት፤ የኒሴይን ወዳ ኮበለለች፣ አባቷም ከኋላ ቋጥኝ ወረወረባት ይላል።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ሐይቁ ጎተራዋ ስለሆነ ፍሰቷ እንደሌሎቹ ወንዞች አይዋዥቅም። ለመብራት ኃይል ይህ ወርቅ ነው። ሶቪየቶች የኢርኩትስክን፣ የብራትስክን፣ የኡስት ኢሊምስክን ግድቦች የደረደሩባት ለዚህ ነው። የቦጉቻኒ ግድብም የተጀመረው በእነሱ ዘመን ነው፤ ኃይል መስጠት የጀመረው ግን በ2012። የብራትስክ ግድብ ሐይቅ ብቻ 169 ኪሎ ሜትር ኩብ ይይዛል። የህዳሴው 74 ነው፤ አወዳድሩት። በብራትስክ ውሃ ስር የቀሩት መንደሮች ነገር ሌላ ቀን ይወራል፣ ደስ አይልም።

ስትሬልካ በምትባል ቦታ ከየኒሴይ ጋር ሲገናኙ አንጋራ በሰከንድ 4,500 ሜትር ኩብ ገደማ ይዛ ትደርሳለች። የኒሴይ እዚያ ሲደርስ ከዚያ ያነሰ ነው ያለው። በውሃ ከሆነ ገባሩ እሱ ነው፤ ስሙን ግን እሱ ወሰደው።

የጣና ልጅ፦ በዚህ ሂሳብ ካርቱም ላይ ነጭ አባይ የእኛ ገባር ነው ማለት ነው!

አዋሽ ዳር፦ ርዝመቱን ረሳኸው? ነጭ አባይ እኮ በጣም ይረዝማል።

የጣና ልጅ፦ ርዝመት አይጠጣም ወንድሜ። ነሐሴ ላይ ሄደህ እየው።

አዋሽ ዳር፦ መጋቢት ላይስ?

ጋሼ አንጋራ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጥቁር አባይ በዓመት ድምር ይበልጣል፤ በደረቁ ወራት ግን ነጭ አባይ ይቀድመው ነበር። አሁን ወደ ሳይቤሪያ እንመለስ።

ቦሌ 24፦ ቱንጉስካ ስንት ነው? ያ ፍንዳታስ?

ጋሼ አንጋራ፦ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ታችኛውና ፖድካመናያ። ላይኛው ቱንጉስካ የሚባለው የአንጋራ የታችኛው ክፍል የድሮ ስም ነው። ከጠፈር በመጣ አካል የተነሳ ነው የሚባለው ፍንዳታ ሰኔ 30 ቀን 1908 ፖድካመናያ አካባቢ ሰማይ ላይ ሆኖ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን አጋደመ። የጠፈር ጥያቄ ግን ለእኔ አታምጡ።

ሸገር ልጅ፦ ረጅሙ ገባር የቱ ነው?

ጋሼ አንጋራ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። ደግሞም ከየት ተለክቶ?

ቀበና፦ በረዶው ሲቀልጥ ለምን ያጥለቀልቃል?

ጋሼ አንጋራ፦ ወንዙ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። ደቡቡ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ሰሜኑ ገና ድንጋይ ነው። የተሰባበረው በረዶ መሄጃ አጥቶ ይቆለላል፣ ውሃውም ከኋላው ይሞላል።

ቦሌ 24፦ የ2009ኙ የግድብ አደጋ የት ነው?

ጋሼ አንጋራ፦ ሳያኖ ሹሸንስካያ። ዋናው ወንዝ ላይ ነው፣ ገባር አይደለም። የአንዱ ተርባይን ክዳን ተፈንቅሎ ውሃ አዳራሹን ሞላው፤ 75 ሰው ሞተ።

እናት፦ ጋሼ፣ ልጄ ክራስኖያርስክ ልትማር ነው። ወንዙ ሲረጋ በላዩ ይሄዳሉ አሉኝ። እውነት ነው?

ጋሼ አንጋራ፦ የኒሴይ እዚያ አይረጋም እህቴ። ከከተማዋ በላይ ያለው የክራስኖያርስክ ግድብ የሚለቀው ከሐይቁ ጥልቅ የሚወጣ፣ ከዜሮ በላይ የሆነ ውሃ ነው። በብርዱ ወራትም ከግድቡ በታች በጣም ርቆ ክፍት ሆኖ ይፈሳል። ዳር ዳሩን የሚይዘው በረዶ ስስ ነው፤ እንዳትረግጠው ንገሪያት። ከውሃው የሚነሳው ጉም ደግሞ ብርዱን አጥንት ድረስ ያስገባዋል። ወፍራም ካፖርት ይዛ ትሂድ።