ደመወዝ ያልተከፈለው አማካይ ውሉን መቼና እንዴት ማቋረጥ ይችላል?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ተጫዋች ነኝ፤ የምሰለፈው አማካይ ሆኜ ነው። በውጭ አገር ክለብ የሦስት ዓመት ውል ከፈረምኩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። የሦስት ወር ሙሉ ደመወዝና የአራተኛው ወር ግማሽ አልተከፈለኝም። አዲሱ አሰልጣኝ “በዕቅዴ ውስጥ የለህም” ካለኝ ወዲህ ከወጣት ቡድኑ ጋር ነው የምለማመደው። ውሌ ላይ “ክለቡ ክፍያ እስከ 90 ቀን ሊያዘገይ ይችላል” እንዲሁም “ተጫዋቹ ከጨዋታዎቹ ግማሹን ካልተሰለፈ ክለቡ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል” የሚሉ ነጥቦች አሉ። ሌላ ክለብ ይፈልገኛል። ወኪሌ “ከተጫዋቹ ዲያራ ፍርድ በኋላ ማንም ሊይዝህ አይችልም፤ ሻንጣህን ያዝና ውጣ” ይለኛል። ልሂድ?

መልስ፦ ለጊዜው አይሂዱ። ውሉን በበቂ ምክንያት ለማቋረጥ የቀረዎት አንድ ደብዳቤና 15 ቀን ነው። እነዚህን ዘለው ከወጡ ግን ደመወዙን የተነፈገው ወገን መሆንዎ ይቀርና ውል አፍራሹ እርስዎ ይሆናሉ።

መሠረቱ የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ አንቀጽ 14 ቢስ (“ቢስ” ማለት ከአንቀጽ 14 ቀጥሎ የገባ ተጨማሪ አንቀጽ ማለት ነው) ነው። ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፍል ከቀረ ተጫዋቹ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቅና ዕዳው ሙሉ በሙሉ እንዲከፈል ቢያንስ 15 ቀን መስጠት አለበት። የእርስዎ ውዝፍ ሦስት ወር ተኩል ስለሆነ መጠኑ አያከራክርም። ክፍያው በየወሩ ባይሆን ኖሮ የሁለት ወር ድርሻው ተሰልቶ በዚያው ልክ ይታይ ነበር። በክለቡ አገር የተጫዋቾች ማኅበርና ክለቦች የተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ካለ ግን ከዚህ የተለየ ሥርዓት ሊኖረው ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ያጣሩ።

ብዙ ተጫዋቾች እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት። በዚሁ ደንብ አንቀጽ 12 ቢስ ከ30 ቀን በላይ ለዘገየ ዕዳ የሚሰጥ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ አለ። እሱ ክለቡን ለማስቀጣት እንጂ ውል ለማቋረጥ የታሰበ አይደለም። ከኢንተርኔት የወረደ የ10 ቀን ደብዳቤ ልኮ በ11ኛው ቀን ውሉን ያቋረጠ ተጫዋች ዕዳው እውነት ሆኖ ሳለ በሥነ ሥርዓቱ ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ እኔ 17 ቀን ስጡ እላለሁ። ሁለት ቀን መጨመር የሚያጎድለው ነገር የለም፤ አንድ ቀን መጉደል ግን ጉዳዩን ያበላሸዋል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የውሉን ቀን፣ ያልተከፈለውን እያንዳንዱን ወር ለብቻው፣ መከፈል የነበረበትን ቀን፣ መጠኑን ከነገንዘቡ ዓይነት (ከግብር በፊት ወይም በኋላ መሆኑንም ጭምር)፣ ገንዘቡ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብና የመጨረሻውን ቀን በቁጥር ይጻፉ። “በዚህ ቀን ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ በአንቀጽ 14 ቢስ መሠረት ውሉን አቋርጣለሁ” የምትለው ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር። ውሉ ላይ ወዳለውና ክለቡ በፊፋ የዝውውር ሥርዓት ወዳስመዘገበው ኢሜይል ይላኩት፤ በፈጣን መልእክት አገልግሎትም አንድ ቅጂ ልከው የደረሰበትን ማረጋገጫ ያስቀምጡ። ለቡድን መሪው በዋትስአፕ “ደመወዜስ?” ብሎ መጻፍ ማስረጃ ሊሆን ይችል ይሆናል እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

በእነዚህ ቀናት ልምምድ አያምልጥዎ። ከወጣቶቹ ጋርም ቢሆን በሰዓቱ ይገኙ። በር ላይ ከመለሱዎት በዚያው ቀን “ዛሬ በዚህ ሰዓት ለልምምድ መጥቼ እንዳልገባ ተከልክያለሁ፤ ነገም እመጣለሁ” ብለው ኢሜይል ይላኩ። አንድ ሳምንት የቀሩ እንደሆነ ክለቡ “ሥራውን ጥሎ ጠፋ” የሚል መከላከያ አገኘ ማለት ነው።

ከዋናው ቡድን መገለልዎ ራሱን የቻለ ነጥብ ነው። አንቀጽ 14 አንዱ ወገን ሌላውን ውል እንዲያቋርጥ ወይም እንዲያሻሽል ለማስገደድ የሚፈጽመውን በደል በቂ ምክንያት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሆኖም አሰልጣኝ ተጫዋች የመምረጥ ሥልጣን ስላለው ክለቡ “የቴክኒክ ውሳኔ ነው” ይላል፤ ክርክሩም ይራዘማል። ወደ ዋናው ቡድን እንዲመልሱዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የልምምድ መርሐ ግብሩንም ያስቀምጡ፤ ማቋረጫውን ግን በደመወዙ ላይ ይመሥርቱት። ከይፋዊ ጨዋታዎች 10 በመቶ ያህል እንኳ ያልተሰለፈ ነባር ባለሙያ ተጫዋች በ“ስፖርታዊ በቂ ምክንያት” መውጣት ይችላል፤ ይህ ግን የሚሠራው የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ይፋዊ ጨዋታ ካለፈ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ብቻ ስለሆነ አሁን አይጠቅምዎትም።

ወደ ውሉ ነጥቦች ስንመጣ፣ የ90 ቀኑ ያስጨነቀዎት ይመስላል። አያስጨንቅዎት። አንቀጽ 18 ለክለቡ ተጨማሪ የመክፈያ ጊዜ የሚሰጡ የውል ሐረጎች ተቀባይነት እንደሌላቸው ይደነግጋል፤ ልዩነቱ እንዲህ ያለው ጊዜ በኅብረት ስምምነት ውስጥ ሲገኝ ነው። “ግማሹን ካልተሰለፈ” የሚለውም ደካማ ነው። ማን እንደሚሰለፍ የሚወስነው ራሱ ክለቡ ስለሆነ በአንድ ወገን ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሐረግ ነው፤ የፊፋ የክርክር መፍቻ ምክር ቤትም ዝቅተኛ ብቃትን ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም።

በሰጡት ቀነ ገደብ ውስጥ ሁለት ነገር ሊያጋጥምዎት ይችላል። አንደኛው ክለቡ የተወሰነ ገንዘብ ማስገባቱ ነው። ደንቡ የሚለው ሙሉ በሙሉ ይከፈል ነው፤ ቢሆንም ቀሪው ከሁለት ወር በታች ከወረደ ማቋረጥ አደጋ አለው፤ ያኔ የማቋረጫ ደብዳቤውን ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃዎን ያማክሩ። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ጽሕፈት ቤት ጠርተው የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጡዎትና “ከዚህ በኋላ ከክለቡ የምጠይቀው የለም” የሚል ወረቀት ያቀርቡልዎታል። አይፈርሙ። ደረሰኝ ካስፈለጋቸው “የዚህን ወር፣ ይህን ያህል ተቀብያለሁ፤ የሌሎቹ ወራት ዕዳ እንዳለ ነው” ብለው በእጅዎ ይጻፉ።

ቀኑ አልፎ ካልተከፈለ የማቋረጫ ደብዳቤውን በቀናት ውስጥ፣ በተመሳሳይ መንገድ ይላኩ። ወራት ዝም ብሎ መቆየት “ተቀብሎት ነበር” ያሰኛል። ለአዲሱ ክለብ መፈረም ያለብዎት ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን ቢበዛ ለሦስት ክለቦች መመዝገብ፣ በይፋዊ ጨዋታ መሰለፍ ደግሞ ለሁለት ክለቦች ብቻ እንደሚቻል አይርሱ።

ስለ ዲያራ ወኪልዎ ግማሹን ነው የነገረዎት። ላሳና ዲያራ እንደ እርስዎ አማካይ ነበር፤ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከሎኮሞቲቭ ሞስኮ ጋር የነበረው ውል በጠብ ተቋርጦ 10.5 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል ተወስኖበታል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጥቅምት 4 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) የነቀፈው አዲሱ ክለብ ያለ ማጣራት የዕዳው ተጋሪ የሚሆንበትንና የዝውውር ምስክር ወረቀት የሚታገድበትን ሕግ ነው፤ ፊፋም ከዚያ በኋላ ደንቡን አሻሽሏል። ተጫዋች ያለ ምክንያት ወጥቶ ካሳ አይከፍልም የሚል ነገር ግን ፍርዱ ውስጥ የለም። ሌላው አማካይ ማቱዛሌም በ2007 ከሻክታር ዶኔትስክ በራሱ ጊዜ ወጥቶ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በ2009 ወደ 11.9 ሚሊዮን ዩሮ ፈርዶበታል። እርስዎ ደግሞ 28 ዓመት ሳይሞላዎት ስለፈረሙ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት “የተጠበቀ ጊዜ” ናቸው፤ በዚህ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ከወጡ ከካሳው በላይ ቢያንስ የአራት ወር የጨዋታ እገዳ ይከተላል።

በትክክል ካቋረጡ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ደመወዝዎ በወር 10,000 ዶላር፣ የቀረው ጊዜ 18 ወር ነው እንበል። ውዝፉ 35,000 ለብቻው ይጠየቃል። የቀሪው ውል ዋጋ 180,000 ነው። አዲሱ ክለብ ለዚያው 18 ወር በወር 7,000 ቢከፍልዎ 126,000 ይቀነሳል፤ ልዩነቱ 54,000 ይሆናል። ማቋረጡ በውዝፍ ምክንያት ስለሆነ የሦስት ወር ደመወዝ፣ ማለትም 30,000 ይጨመራል፤ በደሉ እጅግ የከፋ ከሆነ እስከ ስድስት ወር ሊደርስ ይችላል። ካሳው 84,000 ሆነ ማለት ነው፤ በምንም ሁኔታ ግን ከ180,000 አይበልጥም። አዲሱን ውል መደበቅ አይሞክሩ፤ ፊፋ በዝውውር ሥርዓቱ ያየዋል።

የእርስዎ ዜግነትና የክለቡ አገር ስለሚለያዩ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ገጽታ አለው፤ ክሱም በፊፋ የሕግ ፖርታል በኩል ለክርክር መፍቻ ምክር ቤቱ ይቀርባል። ለተጫዋች የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ውሉን፣ ሁለቱን ደብዳቤዎች፣ የባንክ መግለጫ፣ የውክልና ሥልጣንና አዲሱን ውል ያያይዙ፤ ሰነዶቹ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ ካልሆኑ ያስተርጉሙ። የይርጋ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ለእያንዳንዱ ወር ደመወዝ ለየብቻ ስለሚቆጠር የመጀመሪያው ያልተከፈለ ወር ቀድሞ ይቃጠላል።

ውሳኔው መጀመሪያ ያለ ምክንያት ትንታኔ ሊደርስዎ ይችላል፤ ትንታኔውን በ10 ቀን ውስጥ ካልጠየቁ ይግባኝ የለም። ከጠየቁ ትንታኔው ከደረሰዎት ጀምሮ ሎዛን ለሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት 21 ቀን አለዎት። ካሸነፉ የባንክ ሒሳብዎን በፊፋ ቅጽ ሞልተው በዚያው ቀን ለክለቡ ይላኩ፤ ክለቡ ካልከፈለ እስከ ሦስት የዝውውር መስኮት አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ የሚያደርገው የ45 ቀን ቆጠራ የሚጀምረው ቅጹ ሲደርሰው ነው።