የተለየ ኤስ እና የሁለት 8 ጣጣ

ጥያቄ፦ የምኖረው በላስ ቬጋስ ነው። በአንድ ካዚኖ 50 ዶላር አስይዤ ብላክጃክ (ከ21 ሳያልፉ ከካዚኖው ካርታ አዳይ የበለጠ ነጥብ ለማግኘት የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) ስጫወት ሁለት ኤስ (እንደ 1 ወይም እንደ 11 የሚቆጠር ካርታ) ደረሰኝና ሌላ 50 ጨምሬ ስፕሊት አደረግሁ፤ ማለትም ጥንዱን ለይቼ እንደ ሁለት እጅ መጫወት ቀጠልሁ። በአንደኛው ላይ ኪንግ ቢመጣልኝም ከጠበቅሁት 75 ዶላር የተከፈለኝ 50 ብቻ ነው። በሌላኛው ላይ 3 ሲመጣ ደግሞ ተጨማሪ ካርታ ተከለከልሁ። ተበድዬ ይሆን? ሁለት 8 ይዞ የአዳዩ 10 እየታየ ስፕሊት ማድረግስ ገንዘብ መጣል አይደለም?

መልስ፦ አልተበደሉም። ብላክጃክ የሚባለው እጅ መጀመሪያ በታደሉት ሁለት ካርታዎች የተገኘ 21 ብቻ ነው፤ ጥንዱ ከተለየ በኋላ የሚሞላ 21 እንደማንኛውም 21 ስለሚቆጠር፣ የሚከፈለው ካስያዙት ጋር እኩል እንጂ አንድ ተኩል እጥፍ አይሆንም። ለተለየ ኤስ አንድ ካርታ ብቻ ማደልም በአብዛኞቹ ካዚኖዎች የተለመደ ደንብ ነው። ከ52 ካርታዎች 16ቱ (10፣ ጃክ፣ ክዊንና ኪንግ) እንደ 10 ስለሚቆጠሩ፣ በኤስ የጀመረ እጅ ከሦስት አንዴ ገደማ በቀጣዩ ካርታ 21 ይሞላል፤ ካዚኖውም ለተጫዋች ይህን ያህል ያደላ ዕድል ያለ ገደብ አይለቅም። ገደቡ እያለም ቢሆን ኤስን መለየት ያዋጣል።

የ8 ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሁለት 8 ማለት 16 ነው፤ ከዚህ የከፋ እጅ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካርታ ከጨመሩ ከ6 እስከ ኪንግ ያለው ሁሉ ከ21 ስለሚያሳልፍዎ ከ13 ዕድል በ8ቱ ወዲያው ይሸነፋሉ፤ ባሉበት ቢቆሙም አዳዩ ብዙውን ጊዜ ይበልጥዎታል። በሁለቱም መንገድ ካስያዙት 100 ዶላር በአማካይ 54 ያህሉ ይሄዳል። ስፕሊት ሲያደርጉ ግን፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው 200 ቢሆንም፣ አማካይ ኪሳራው 48 ገደማ ነው። ትርፍ አይደለም፤ ጉዳት መቀነስ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን እንደ አሜሪካ ካዚኖዎች አዳዩ ብላክጃክ መያዝ አለመያዙን አስቀድሞ በሚያይበት ጠረጴዛ ነው። በብሪታንያና በብዙ የአውሮፓ ካዚኖዎች አዳዩ ሁለተኛ ካርታውን የሚወስደው ተጫዋቾች ከጨረሱ በኋላ ስለሆነ፣ ብላክጃክ ቢያወጣ የተጨመረው ገንዘብም አብሮ ይበላል፤ በዚያ በ10ም ሆነ በኤስ ፊት 8ን አለመለየት ይሻላል።

ኪንግና 10ን እንደ ጥንድ መለየት ብዙ ካዚኖ ይፈቅዳል፤ ዋጋቸው እኩል ነውና። ቢፈቀድም ግን 20ን የሚያህል እጅ ማፍረስ አያዋጣም።