ከሒሳብ መዝገብ ወደ ዳታ ትንተና

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ድርጅቶች ዳታ አናሊስት (የመረጃ ተንታኝ) ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀመርሁ፤ ግን ከበደኝ። የተማርሁት ይጠቅመኛል ወይስ እንደ አዲስ ልነሳ?

ምላሽ፦ እንደ አዲስ አትነሺም። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ማለትም መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር የለመደ ሰው የዚህን ሥራ ከባድ ክፍል ይዞ ነው የሚገባው። የተቸገርሽው ከመካከል ስለጀመርሽ ነው፤ ፓይተንን ለጊዜው አቆዪው።

ድርጅቶች ተንታኝ የሚቀጥሩት ውሳኔ ስላለባቸው ነው። ለምሳሌ፦ ባለፈው ወር ያደረግነው የዋጋ ቅናሽ አዋጥቶናል? የቅናሹ ሳምንት ሽያጭ ስለጨመረ ብቻ አዎ ማለት አይቻልም። ደንበኞች የሚቀጥለውን ወር ፍጆታ ቀድመው ገዝተው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ተከታዮቹ ሳምንታት ይታያሉ፣ ቅናሹ ካልደረሳቸው ደንበኞች ጋርም ይነጻጸራል። ከሽያጩ በተጨማሪ ትርፉ መቆጠር እንዳለበት ደግሞ አንቺ ከማንም በተሻለ ታውቂዋለሽ።

ከኤክሴል ጀምሪ፤ ፒቮት ቴብልን (መረጃን በየምድቡ ማጠቃለያ) እና ኤክስሉክአፕን (ከሌላ ሰንጠረዥ ተዛማጅ ዋጋ ፈልጎ ማምጫ) በደንብ ለመያዝ ሦስት ሳምንት ይበቃሻል። ቀጥሎ ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ የሆነው ኤስኪውኤል፣ በቀን አንድ ሰዓት ለሁለት ወር ያህል። አብዛኛው የድርጅት መረጃ የሚቀመጠው በዳታቤዝ ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ከዚያ መረጃን በግራፍና በሪፖርት ማሳያ የሆኑት ፓወር ቢአይ ወይም ታብሎ፣ አንዱ ብቻ ይበቃል።

በኤስኪውኤል ጀማሪዎችን ደጋግሞ የሚጥላቸው ሰንጠረዦችን ማጣመር ነው። ዋጋው 900 የሆነ አንድ ትዕዛዝ ሦስት ዓይነት ዕቃ አለው እንበል። የትዕዛዞቹን ሰንጠረዥ ከዕቃዎቹ ጋር ስታጣምሪ ያ ትዕዛዝ ሦስት ረድፍ ይሆናል፤ 900 በሦስቱም ረድፍ ላይ ስለሚደገም ዋጋውን ስትደምሪ 2,700 ይመጣል። ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም፣ ሪፖርቱም ያማረ ይመስላል። መከላከያው ከማጣመርሽ በፊትና በኋላ ረድፎቹን መቁጠር፣ ድምሩንም ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው። ይህ ያው የምታውቂው ማስታረቅ ነው።

መረጃ ሳይታወቅ ሊቀርም ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊ ሪፖርት የቀሩት መረጃው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ስለተላለፈ ነበር። ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም፤ የአሁኑ እንኳ 1,048,576 ላይ ያቆማል።

አማካይንም ተጠንቀቂ። ዘጠኝ ደንበኞች 100፣ አንዱ 5,000 ቢገዙ አማካዩ 590 ነው፤ ይህን ያህል የገዛ ግን አንድም የለም። መካከለኛው ዋጋ (ግዢዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) 100 እውነታውን የበለጠ ያሳያል። ሁለቱንም አቅርቢ።

ከሰርተፊኬት ክምር ይልቅ አንድ በደንብ የተሠራ ፕሮጀክት ያስቀጥራል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሽያጭ መረጃ ውሰጂና በአንድ ገጽ ጻፊው፦ ጥያቄው ምን እንደነበር፣ ስንት ረድፍ እንዳስወጣሽና ለምን፣ አንድ ግራፍ፣ በመጨረሻም ምን እንዲደረግ እንደምትመክሪ። በቃለ መጠይቅ «ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ?» መባሉ አይቀርም፤ ያመሳከርሽበትን መንገድ በዚያው ገጽ ላይ አስፍሪ።

ስታመለክቺ «ዳታ አናሊስት» የሚለውን መጠሪያ ብቻ አትፈልጊ። የፋይናንስ ትንተና፣ የበጀት ክትትልና የሽያጭ ሪፖርት የሥራ መደቦችም ይህንኑ ሥራ ያሠራሉ፣ የአካውንቲንግ ዲግሪሽም እዚያ ዋጋ አለው። ፓይተንን ኤክሴል የማይችለው ወይም በየሳምንቱ የሚደጋገም ሥራ ሲገጥምሽ ተመለሺበት፤ ያኔ ለምን እንደምትማሪው ስለምታውቂ ይቀልሻል።