ስለ ቼሳፒክ ሰማያዊ ሸርጣን፦ ጥያቄና መልስ

በምሥራቅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በተባሉት ግዛቶች መካከል ባለው በቼሳፒክ ሰላጤ ስለሚኖረው ሸርጣን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጥቷል፤ የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ቅርፊቷ የጠነከረ ሴት ሸርጣን መያዝ አይፈቀድለትም። ለምን?

መልስ፦ ሴቷ ከወንድ ጋር የምትገናኘው በሕይወቷ አንዴ ነው። ያውም የመጨረሻ ቅርፊቷን ጥላ ገና ለስላሳ ሳለች። ወንዱ ከቀናት በፊት ጀምሮ ከሥሩ አቅፎ ይይዛታል። ከዚያም አዲሱ ቅርፊቷ እስኪጠነክር አይለቃትም። ዘሩን በሰውነቷ አስቀምጣ ወደ ደቡብ ትጓዛለች፤ ውሃው ጨው ወደሚበዛበት ወደ ሰላጤው አፍ። እዚያ እንቁላሎቿን ሆዷ ሥር ታቅፋለች። መጀመሪያ ብርቱካንማ ስፖንጅ ይመስላል። የፅንሶቹ ዓይን ሲወጣ ይጠቁራል። በዚያው ባስቀመጠችው ዘር ደጋግማ ታቅፋለች፤ አንዱ እቅፍ ብቻ ከሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ መንገድ ላይ የተያዘች ሴት ይህን ሁሉ ይዛ ነው የምትቀረው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሕጎቹ ሁሉ ዋናው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ሚሊዮን ከፈለፈለች ታዲያ ምን ያሰጋል?

መልስ፦ ለአካለ መጠን የሚደርሱት በጣም ጥቂት ናቸዋ! እጮቹ ወደ አትላንቲክ ወጥተው ከአንድ ወር በላይ ይንሳፈፋሉ። ነፋሱና ሞገዱ ከቀናቸው ይመለሳሉ፤ ካልቀናቸው በዚያው ይቀራሉ። የተመለሱትም መደበቂያ የባሕር ሣር ይፈልጋሉ። ሣሩን ደግሞ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ደለል ይጎዳዋል። ከሌላ አካባቢ የመጣው ብሉ ካትፊሽ የተባለው ዓሣም ትንንሾቹን ሸርጣኖች ይበላቸዋል። ነፋስን ማዘዝ አይቻልም። ስንት ሴት ትያዝ የሚለውን ግን መወሰን ይቻላል።

ጥያቄ፦ ወንድና ሴቱን በምን እለያለሁ?

መልስ፦ ገልብጠህ ሆዱን እይ። የወንዱ ክዳን ቀጭንና ረዘም ያለ ነው። የአዋቂዋ ሴት ሰፊና ክብ፣ የልጅቷ ደግሞ ሦስት ማዕዘን። የሴቷ መቆንጠጫ ጫፉ ቀይ ነው። ስትይዝ ከኋላ፣ ከመዋኛው እግር ሥር ያዝ። ከፊት ከሞከርክ አይምርህም።

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ያለን ነገር እንዴት ይቆጥሩታል?

መልስ፦ በአሜሪካ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወቅት፣ ሸርጣን ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ወደ 1,500 በሚጠጉ ቦታዎች ወለሉን በብረት መረብ እየጎተቱ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ጠቅላላውን ያሰላሉ። በ2012 ወደ 765 ሚሊዮን ተገምቶ ነበር። በ2022 ግን 227 ሚሊዮን ብቻ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ጥያቄ፦ 2008 ላይ ምን ተፈጠረ?

መልስ፦ ቁጥሩ አሽቆልቁሎ ስለነበር ሁለቱ ግዛቶች ከፖቶማክ ወንዝ ዓሣ ሀብት ኮሚሽን ጋር ሆነው የሚያዙትን ሴት ሸርጣኖች በሲሶ ያህል ቀነሱ። ቨርጂኒያ በክረምት ወለሉን በብረት መረብ እየጎተቱ ማጥመድን ዘጋች፤ በዚያ የሚያዙት በአብዛኛው የተቀበሩ ሴቶች ነበሩ። አጥማጆቹ ክፉኛ ተጎዱ። የፌዴራል መንግሥቱም የዓሣ ሀብት አደጋ ብሎ አወጀ። ቢያምም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ቁጥሩ ከፍ ብሏል።

ጥያቄ፦ ለእኛ ለኦርቶዶክሶች መብላት ይፈቀዳል?

መልስ፦ እሱን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ እህቴ።

ጥያቄ፦ ሬስቶራንት ውስጥ ከነቅርፊቱ የሚበላው ለስላሳው ሌላ ዝርያ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ያው ራሱ ነው። ቅርፊቱን ገና የጣለ ነው። አጥማጆች የኋላ መዋኛ እግሩን ጠርዝ ያያሉ። መስመሩ ከነጭ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ይሄዳል። ከቀላ በቀናት ውስጥ ይጥላል። ያኔ እስኪጥል የሚያቆዩበት ገንዳ አጠገብ ሌሊትም ቀንም ሰው ይቆማል፤ ውሃ ውስጥ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ መጠንከር ይጀምራልና።