ከጀርባ በኩል

ሥዕል ለምትማሩ ልጆቼ፣

አንድ የቆየ ሥዕል ሳሳያችሁ ተረቱን ለመንገር ትሽቀዳደማላችሁ። የግሪክ ተረት ጀግናው ሄርኩለስ አንበሳ ገደለ፣ የወርቅ ፖም አመጣ፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚሁ ነበርኩ። ተረቱ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ መስመሩን ተመልከቱ።

ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ጎልትዚዩስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1592 ገደማ፣ የፋርኔዜ ሄርኩለስ የተባለውን ሐውልት፣ በወረቀት ላይ ለማተም፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀረጸ። ሮም ሄዶ ያየው ሐውልት ከሦስት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ደክሞት በዱላው ላይ የተደገፈ ጀግና ነው። ሌላው ሁሉ ከፊት ሲቆም ጎልትዚዩስ ዞሮ ከኋላ ቆመ፣ ከሥርም ወደ ላይ አንጋጦ አየው። ስለዚህ ወረቀቱን የሞላው ፊት ሳይሆን ጀርባ ነው።

አጉሊ መነጽር አምጡና ትከሻው ላይ አሳርፉት። መስመሩ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይነሳል፤ ጡንቻው ጥላ ውስጥ ሲገባ ይወፍራል፤ ብርሃን ሲያገኝ መልሶ ይሰልላል። ውፍረቱ የሚመጣው መቅረጫው ብረት ወደ መዳቡ ጠልቆ ብዙ ቀለም የሚይዝ ጎድጓዳ ሲከፍት ነው። ሲታተም ግራው ቀኝ ስለሚሆን ይህን ሁሉ ገልብጦ ማሰብ ነበረበት። በልጅነቱ እሳት ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ ተኮማትሮ ቀርቷል፤ ለመቅረጫው የተመቸው በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። ታሪኩን እወደዋለሁ፤ እኔ ግን ከጠባሳው ይልቅ ልምምዱን አምናለሁ።

አሁን ወደ ታች ውረዱ። ከግዙፎቹ እግሮች አጠገብ ሁለት ሰዎች ወደ ላይ አንጋጠዋል። የሐውልቱን ግዝፈት የምንለካው በእነርሱ ጭንቅላት ነው።

ርዕሱን ሸፍናችሁ፣ መዳፍ የምታክል የጀርባውን ክፍል ብቻ በእርሳስ ገልብጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል፤ እጃችሁ የሚያውቀውን ዓይናችሁ ኋላ ይደርስበታል።

ለብዙ ዓመታት ይህን ሥዕል ሳስተምር ስለ መስመሩ ለፍልፌ ስለ ሁለቱ ሰዎች ግን ቁመታቸውን ብቻ ጠቅሼ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ፣ «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ፖሙን ያያሉ?» አለችኝ። ፖሙን የያዘው እጅ ከሄርኩለስ ጀርባ ነው። እነርሱ ፊቱን ያያሉ፣ ፖሙን አያዩም፤ እኛ ፖሙን እናያለን፣ ፊቱን አናይም። ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ ቀረሁ። ትምህርቱን አቋርጬ ሥዕሉን ከግድግዳው አወረድኩትና ሁላችንም ከበነው ቆምን።