ማውሱን ለአባትህ መልስላቸው

የፎል ሴሚስተር ከተጀመረ ወዲህ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያም የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እንደተገባ ስለሚወሰደው የኮምፒውተር መግቢያ ኮርስ። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

አንዲት ተማሪ ክሮምቡክ የሚባለውን ላፕቶፕ በቅናሽ አግኝታ ገዝታለች፤ ለኮርሱ ይበቃኛል ወይ ትላለች።

የኮርሱን ዝርዝር የያዘውን ሲላበስ ሳታዪ ነው የገዛሽው? አሁንም ቢሆን ክፈቺውና እዪው። ክሮምቡክ ላይ የሚሠራው በኢንተርኔት የሚከፈተው ወርድና ኤክሴል ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ሙሉው አይገባበትም። ኮርሱ አክሰስ የሚባለውን የመረጃ ማደራጃ ፕሮግራምም የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ ክሮምቡክ ብቻ ሳይሆን ማክም አይሆንሽም፤ አክሰስ የሚጫነው ዊንዶውስ ላይ ነው። እንዲያ ከሆነ ደረሰኙ ሳይጠፋ መልሺው። ሌላ መግዣ ባይኖርሽም አትጨነቂ። የኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍልና ላይብረሪ ለተማሪ ክፍት ነው፤ ብዙ ኮሌጆች በተማሪ ኢሜይል ኦፊስን፣ ማለትም ወርድና ኤክሴል ያሉበትን፣ በነጻ ይሰጣሉ። ይህን የሚነግራቸው አጥተው ከኪሳቸው የሚያወጡ ልጆች ያሳዝኑኛል።

የአንድ ተማሪ የቤት ሥራ «እስከ 11፡59 ፒኤም» ይላል፤ ሊነጋጋ ሲል ቢልክ ዘገየህ ተባለ።

በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን 1 ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው።

የአንድ ልጅ አባት 58 ዓመታቸው ነው፤ ፓርኪንግ ይሠራሉ። ኮርሱን የተመዘገቡት ራሳቸው ናቸው፤ ማታ ደክሟቸው ስለሚገቡ የቤት ሥራውን የሚሠራው ግን ልጃቸው ነው። እስካሁን ውጤቱ ኤ ነው። አሁን ፈተናው ካምፓስ ውስጥ ሊሆን ነውና ልጁ ጨንቆታል።

መጀመሪያ ግልጹን ልንገርህ፤ ኮሌጁ ቢደርስበት አባትህን ከኮርሱ ሊያስወድቅ የሚችል ጥፋት ነው። ከዛሬ ጀምሮ አቁም። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማሪዎች ኮምፒውተር አሳያለሁ። በቅርቡ አንዲት እናት ፎልደር ለመክፈት ሁለት ጊዜ ክሊክ ያደርጋሉ፤ አይከፈትም። ስሙ ብቻ በሰማያዊ ይቀለማል። በዚህ መሀል ጣታቸው ኪቦርዱን ነካውና ስሙ ጠፋ። እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። የሆነው ቀላል ነገር ነው፤ በሁለቱ ክሊክ መካከል ፋታ ስለሚሰጡ ዊንዶውስ «ስሙን ሊቀይሩ ነው» ብሎ ይረዳቸዋል። እስኬፕ የምትባለውን ቁልፍ አሳየኋቸው፤ ሲጫኗት ስሙ ተመለሰ። ማውሱን ሳልነካባቸው ደጋግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ልጆቻቸው ለዓመታት «ተይው እማዬ፣ እኔ ላድርግልሽ» እያሉ ማውሱን ሲቀበሏቸው ኖረዋል። ስለዚያች ፋታ የነገራቸው ግን አልነበረም።

ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ቸኩለው ነው። አንተም ለአባትህ አዝነህ ነው። ግን የሥራ ፈረቃቸው፣ የደመወዝ ወረቀታቸው፣ የሐኪም ቀጠሯቸው ሁሉ ዛሬ ከፓስወርድ ጀርባ ነው ያለው። ፓስወርዱን የምታውቀው አንተ ብቻ ከሆንክ፣ ሌላ ስቴት ሥራ አግኝተህ የሄድክ ቀን አባትህ የራሳቸውን ደመወዝ ለማየት አንተ ስልክ እስክታነሳ ሊጠብቁ ነው። ይህን አታድርግባቸው።

ማታ 30 ደቂቃ ከጎናቸው ተቀመጥ፤ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተትና በአፍህ ብቻ ንገራቸው። ከሁሉ አስቀድመህ ኮንትሮልና ዜድን አንድ ላይ መጫን አሳያቸው። የተሳሳቱትን ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል ሲያውቁ «አበላሸሁት ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ይለቃቸዋል። ኤክሴልን በመጽሐፉ ምሳሌ አትጀምርላቸው፤ በእቁባቸው ጀምርላቸው። 12 ሰው፣ በነፍስ ወከፍ 500 ዶላር እንበል። በአንዱ ዓምድ ስም፣ በሌላው የከፈሉትን ይጻፉ፤ ከሥር የመደመሪያውን ፎርሙላ ያስገቡ፤ 6,000 ይመጣል። አሁን የአንዱን 500 ወደ 250 ይቀይሩት። ድምሩን ማንም ሳይነካው 5,750 ሲሆን በዓይናቸው ያያሉ፤ ኤክሴል ለምን እንደሚጠቅም የሚገባቸው ያን ጊዜ ነው። ቀን ሲጽፉ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ዲሴምበር 5 ለማለት 5/12 ብለው ቢጽፉ፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኤክሴል ሜይ 12 አድርጎ ይይዘዋል።

መምህሩንም ያነጋግሩ፤ ተማሪዎችን ወደሚያስጠናው ቱቶሪንግ ማዕከልም ይሂዱ።

የአንዲት ጠያቂ እናት 62 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው። በዚህ ዕድሜ ያን ሁሉ ከፍለው ይማሩ ወይ ትላለች።

የትምህርቱን ክፍያ አይከፍሉም። በሜሪላንድ 60 ዓመት የሞላው ነዋሪ ክፍሉ ውስጥ ቦታ እስካለ ድረስ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ቱሽን አይጠየቅም፤ ፊ የሚባሉት ተጨማሪ ክፍያዎች ግን አሉ። ቨርጂኒያም ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ ኮርሱ ለክሬዲት የሚወሰድ ከሆነ ግን ገቢያቸው ከተወሰነ ጣሪያ ማለፍ የለበትም። ዝርዝሩን ሬጅስትራር ጠይቂ።

አንድ ተማሪ በአማርኛ ጽፎ ለመምህሩ የላከው ፋይል እዚያ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆነ።

የድሮ ፎንት ተጠቅመህ ይሆናል። እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ፊደል የአማርኛ ቅርጽ ያለብሱታል እንጂ ከሥር ያው ላቲን ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያ ይወጣል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ መለያ ሥርዓት በሆነው በዩኒኮድ የራሱ ኮድ አለው። ዊንዶውስ ሴቲንግ ገብተህ ቋንቋ ላይ አማርኛን ጨምር፤ በዚያ ኪቦርድ ጻፍና መልሰህ ላክ።

አንዲት ተማሪ ኤክሴሉ ከብዷታል፤ ነገ ኮርሱን ድሮፕ ልታደርግ፣ ማለትም ልትተወው ነው። ኤፍ 1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ነው ያለችው፤ የያዘችው 12 ክሬዲት ነው። በኦንላይን ኮርስ እተካዋለሁ ብላለች።

እባክሽ ድሮፕ የሚለውን አትንኪው! ኤፍ 1 ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ኮርሱ 3 ክሬዲት ከሆነ 9 ይቀርሻል፤ ሳያስፈቅዱ ከ12 መውረድ ደግሞ ስታተስን፣ ማለትም በተማሪነት የመቆየት ሕጋዊነትን ያሳጣል። ኦንላይን ያልሽውም ቢሆን ከሙሉ ጊዜው የሚቆጠርልሽ አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው፤ ቀድሞ አንድ ካለሽ ሁለተኛው አይቆጠርም። በዚህ ጉዳይ የእኔንም ሆነ የጓደኞችሽን ምክር አትከተዪ። የኮሌጅሽ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ውስጥ አይ 20 የሚባለውን የኤፍ 1 ተማሪ ሰነድ የሚፈርም ኃላፊ አለ። ነገ ቢሮው ሲከፈት በሩ ላይ ሁኚ፤ የሚልሽንም በኢሜይል እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። ኤክሴሉ የቱ ጋ እንደያዘሽ ግን ዛሬውኑ ጻፊልኝ፤ እሱን አብረን እናየዋለን።